ዘይትና ውኃን የሚያስታርቅ ሙጫ

ጾም ሲገባ በቂርቆስ ቤቶች የሱፍ ፍትፍት ከማዕድ አይጠፋም። ሱፉ ተወቅጦ፣ በውኃ ታሽቶ ሲጠለል የሚወርደው ነጭ ፈሳሽ ወተት ይመስላል፤ ከላም ጋር ግን ዝምድና የለውም። ነጭነቱ የመጣው በውኃው ውስጥ ከተበተኑ፣ በዓይን ከማይለዩ የዘይት ጠብታዎች ነው። በኬሚስትሪ እንዲህ ያለው ድብልቅ ኢመልሽን ይባላል። የገላ ቅባትም እንደዚሁ ነው። ለእናቶችና ለወጣቶች ገቢ እንዲሆን ቅባት ማምረትን ለሚያስቡ የሰበካ ጉባኤያት ይህን ማስረዳት የወደድነው ስለዚህ ነው። የሚወጣው ገንዘብ የምእመናን ዐሥራትና መባ ነው፤ በጠርሙስ ውስጥ ለሁለት የተከፈለ ቅባት ደግሞ ገዢ አያገኝም።

ዘይትና ውኃ ቢመቱ ለጥቂት ጊዜ ይቀላቀላሉ፤ ጠብታዎቹ ግን ሲገናኙ እየተያያዙ ያድጋሉ፣ ዘይቱም ወደ ላይ ይወጣል። ይህን ከሚከላከሉት አንዱ ሰርፋክታንት ነው፤ አንድ ጫፉ ዘይትን፣ ሌላው ውኃን ስለሚወድ በሁለቱ ወሰን ላይ ይቆማል። ሳሙና፣ በእንቁላል አስኳልና በአኩሪ አተር የሚገኘው ሌሲቲንም ከዚህ ወገን ናቸው። ሁለተኛው የተፈጥሮ ፖሊመር ነው። ተልባ ውኃ ሲነካው የሚያወጣው ዝልግልግ ፈሳሹን አወፍሮ የጠብታዎቹን ጉዞ ያዘገያል።

የግራር ሙጫ ሁለቱንም ይሠራል። በውስጡ ያለው ፕሮቲን ዘይቱን ሲይዝ፣ ረጅሙ የስኳር ሰንሰለት ወደ ውኃው ይዘረጋል። በለስላሳ መጠጥ ውስጥ የመዓዛ ዘይት እንዳይንሳፈፍ የሚጨመረው ለዚህ ነው። የብራና ጸሐፍትም ጥላሸቱ በቀለሙ ውስጥ እንዳይዘቅጥ ሙጫ ይጠቀማሉ። ዕጣን ግን አይተካውም፤ አብዛኛው ክፍሉ በውኃ አይሟሟም።

የመድኃኒት ቀማሚዎች የቆየ መለኪያ አላቸው፤ 4 እጅ የምግብ ዘይት፣ 2 እጅ ውኃ፣ 1 እጅ የሙጫ ዱቄት። ዱቄቱ በደረቅ ሙቀጫ ከዘይቱ ጋር ይታሻል። ከዚያ ውኃው በአንድ ጊዜ ይጨመርና ነጭ ሆኖ እስኪወፍርና እስኪንጣጣ ድረስ ሳይቋረጥ በፍጥነት ይታሻል። ተጨማሪ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ የሚገባው ከዚህ በኋላ ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ያልተለያየ ሁሉ ያልተበላሸ አይደለም። ውኃ ያለበት ቅባት፣ ይልቁንም ሙጫ ሲገባበት፣ ለባክቴሪያና ለሻጋታ ይመቻል፤ ጸረ ተሕዋስያን ካልተጨመረበት መልኩ ሳይለወጥ ቆዳን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ማሽን ከመገዛቱ አስቀድሞ፣ የዚህ መከላከያ ዓይነትና መጠን በባለሙያ መወሰኑን፣ ናሙናውም በሙቀትና በቅዝቃዜ ለሳምንታት መፈተኑን ኮሚቴው ይጠይቅ። ባለሙያ ካልተገኘ ውኃ በሌለው፣ ዘይትና ሰም ብቻ ቀልጠው በሚሠሩት ቅባት መጀመር ይሻላል፤ ሰሙን ጧፍ የሚሠሩ እናቶች ያውቁበታል።