የማኅጸን በር ካንሰር፦ ትንሽ ቀዳዳ፣ ትልቅ ጥያቄ

ካንሰሩን በቀዶ ሕክምና ለማውጣት አንዱ መንገድ ይህ ነው፦ ሆድ በሰፊው ሳይከፈት፣ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙም በማይበልጡ ቀዳዳዎች ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያዎች ይገባሉ። ጠባሳው ትንሽ፣ የሆስፒታል ቆይታው አጭር ነው። ታካሚም ሐኪምም ቢወዱት አይገርምም።

በ2018 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነውና የመጀመሪያ ደረጃ ካንሰር ያለባቸው 631 ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት ግን ብዙዎችን አስደነገጠ። ከ4 ዓመት ተኩል በኋላ ካንሰሩ ሳይመለስባቸው በሕይወት የቆዩት፣ ሆዳቸው ተከፍቶ ከታከሙት 96.5 በመቶ፣ በቀዳዳ ከታከሙት 86 በመቶ ነበሩ። ለምን? ማኅጸንን ለማንቀሳቀስ በብልት በኩል የሚገባው ዘንግ ዕጢውን ይነካካል። ሆድ የሚነፋበት ካርቦን ዳይኦክሳይድም ተጠርጥሯል። ሁለቱም ጥርጣሬዎች ናቸው።

ኬሞቴራፒስ? ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሲሰጥ ዕጢን ሊያሳንስ ይችላል፤ ይህ ግን የቀዳዳውን መንገድ ከጥርጣሬ ነፃ አያወጣውም። ጥቅሙ ጎልቶ የታየው ሌላ ቦታ፣ ከቀዶ ሕክምና ይልቅ በጨረር በሚታከሙት ላይ ነው። ኢንተርሌስ በተባለው የ500 ሴቶች ጥናት፣ ኬሞቴራፒና ጨረር አንድ ላይ ከመጀመራቸው በፊት ለ6 ሳምንት ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሴል የተባሉትን የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች ከወሰዱት 80 በመቶው ከ5 ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ። ካልወሰዱት ደግሞ 72 በመቶው።

ለቀዶ ሕክምና የተቀጠረች ሴት ሐኪሟን «በየትኛው መንገድ? ለምንስ?» ብላ ትጠይቅ። መብቷ ነው።