ከፎገራ ሜዳ ወደ ማዕዳችን፦ የዓሣና የድንች ክሮኬት ያለ ብዙ ዘይት

ለመሆኑ ዓሣ ጠብሳችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ በመጥበሻው ውስጥ የሚተርፈውን ዘይት ምን ታደርጉታላችሁ? አብዛኞቻችን አጥልለን በጠርሙስ እናስቀምጠዋለን። ነገር ግን ዓሣ የተጠበሰበት ዘይት ለሌላ ምግብ አይመችም፤ ሽታው ወጡንም ፓስታውንም ዓሣ ዓሣ ያሰኘዋል። ደጋግሞ የሞቀ ዘይት ደግሞ ይጠቁራል፣ አረፋ ያወጣል፣ ቶሎ ይጨሳል። እንዲህ ያለውን ዘይት ለልጆቻችን ማብላት ተገቢ አይደለም፤ እንዳንደፋው ደግሞ ዋጋው ያሳሳል። በ2014 ዓ.ም. የዘይት ዋጋ በአንድ ጊዜ ሲንር ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የተወው በዘይት ውስጥ የሚጠበስ ምግብን ነበር። እናም ጣና በቅርብ እያለ ዓሣ በብዙ ቤት የሆቴል ምግብ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ታዲያ ዓሣ ኩርሽም የሚለው የግድ በዘይት ውስጥ ሲዋኝ ነው? አይደለም። ኩርሽም የሚያደርገው የላዩ መድረቅ ነው። የጋለ ዘይት የሚያደርገውም ይህንኑ ነው፤ ከምግቡ ላይ ያለውን ውኃ በፍጥነት ያባርራል። ስለዚህ ላዩን በሌላ መንገድ አስቀድመን ካደረቅነው፣ ውስጡንም አብስለን ካዘጋጀነው፣ ለዘይቱ የሚቀረው ሥራ ጥቂት ነው። ዛሬ የምናቀርብላችሁ የዓሣና የድንች ክሮኬት አራት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻ ይፈልጋል፤ ይህም 60 ሚሊ ሊትር ያህል ማለት ነው። ክሮኬት የሚለው ስም የፈረንሳይኛ ነው፤ ኩርሽም አድርጎ መብላትን ከሚያመለክት ቃል የመጣ ነው። እኛ ግን የምንሠራው በይፋግና በወረታ አካባቢ በሚገኝ ነገር ነው።

ይፋግ ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ ድሮም በገበያዋ የታወቀች ከተማ ናት። በወረታና በይፋግ መካከል የርብ ወንዝ አለ፤ ከወረታ ወደ ባሕር ዳር ሲኬድ ደግሞ ጉማራ። ሁለቱም የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ድንቹ ከፋርጣና ከጉና ደጋ ይወርዳል። (ድንች ራሱ ለአገራችን እንግዳ ነበር፤ በ1858 እ.ኤ.አ. ያስገባው ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ መሆኑ ይነገራል።) ሩዝ በፎገራ መለመድ የጀመረው በ1970ዎቹ ዓ.ም. ነው፤ ዛሬ በብዙ ቤት ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ይጋገርበታል። የሩዝ ቅልቅል እንጀራ በማግስቱ ይደርቃል፣ ይሰባበራል እየተባለ ይታማል። ይህ ጠባዩ ዛሬ ይጠቅመናል፤ ለምን እንደሆነ ትንሽ ቆይተን እንመለስበታለን።

በመጀመሪያ ስለ ዓሣው። በጣና ዙሪያ ገበያ የሚቀርቡት በዋናነት ሦስት ዓይነት ናቸው፦ ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ። ቆሮሶ ለዚህ ምግብ በጣም ይስማማል፤ ሥጋው ነጭና ጠንከር ያለ ነው፤ አጥንቱም በቀላሉ ይለያል። አምባዛ በሥጋው መካከል እሾህ የለውም፤ ነገር ግን ቅባት ስላለው ድብልቁን ያላላል። ነጭ ዓሣ ጣዕሙ ግሩም ነው፤ ሆኖም በሥጋው ውስጥ ቀጫጭን እሾሆች ስለተሰገሰጉበት ለሕፃናት ያስፈራል። እንዲያውም ነጭ ዓሣን ለልጆች ለማብላት እንዲህ በጣት ፈልፍሎ ከድንች ጋር ከመለወስ የተሻለ መንገድ የለም። አንድ ነገር ግን እንለምናችኋለን። ነጭ ዓሣ በክረምት፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት፣ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ጉማራና ወደ ርብ ይወጣል። ድሮ ዓሣው የሚጠመደው በደንገል ታንኳ ነበር። በ1986 እ.ኤ.አ. ኡርክ ከምትባል የኔዘርላንድ የዓሣ አጥማጆች ከተማ በመጣ የአብያተ ክርስቲያናት ድጋፍ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ጣና ላይ ገባ፤ ብዙ አጥማጆችም እንጀራ አገኙበት። ይሁን እንጂ በወንዞቹ አፍ ላይ መረብ ሲበዛ የነጭ ዓሣው ቁጥር ክፉኛ ማሽቆልቆሉን ተመራማሪዎች ደርሰውበታል። በእነዚያ ወራት ቆሮሶ ብትገዙ መልካም ነው።

ስለ አምባዛ ደግሞ ሌላ የቤተሰብ ጉዳይ አለ። አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ በዚህም ምክንያት ብዙ የኦርቶዶክስ ምእመናን አይበሉትም። እናታችሁ ወይም አማታችሁ እንግድነት መጥተው ከሆነ የዓሣውን ዓይነት አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ተፈጭቷል፣ ከድንች ጋር ተቀላቅሏል፣ አይታወቅም ብሎ ማቅረብ ማታለል ነው፤ የታወቀ ዕለትም የሚሰበረው ሳህን ብቻ አይሆንም። ጾም ላይ ከሆኑም እንዲሁ ጠይቁ። ዓሣ በጾም የሚበሉ አሉ፣ የማይበሉም አሉ፤ እንቁላል ግን የሚነካ የለም። ለእነርሱ በእንቁላሉ ፈንታ የሽምብራ ዱቄት በውኃ በጥብጣችሁ ተጠቀሙ፤ በደንብ ይይዛል።

አሁን ወደ ሥራው። ግማሽ ኪሎ የዓሣ ሥጋ፣ ሦስት ሩብ ኪሎ ድንች፣ አንድ ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ ሦስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ሁለት ቃሪያ፣ አንድ ሎሚ፣ ሁለት እንቁላል፣ ጥቂት የስንዴ ዱቄት፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ያስፈልጋል። ይህ አሥራ ስድስት ያህል ይወጣዋል። ቆሮሶ ሙሉውን ስትገዙ የሚበላው ሥጋ ሢሶው ያህል ብቻ ስለሆነ አንድ ኪሎ ተኩል ግዙ። ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሣ ይሁን። በፎገራ ሙቀት ከሰዓት በኋላ የሚገዛ ዓሣ አስተማማኝ አይደለም።

ድንቹን ከነልጣጩ ቀቅሉት። ተልጦ የተቀቀለ ድንች ውኃ ይጠጣል፤ ክሮኬቱ መጥበሻ ላይ የሚፈርሰው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። ሲበስል ውኃውን ደፍታችሁ ባዶ ድስቱን ለሁለት ደቂቃ እሳት ላይ መልሱትና እንፋሎቱ ይውጣ። ከዚያ ልጣችሁ በትኩሱ ድፈጡት። ዓሣውን በጥቂት ውኃ፣ በጨውና በግማሽ ሎሚ፣ ድስቱን ከድናችሁ አሥር ደቂቃ ያህል አብስሉት። ሲቀዘቅዝ በጣት እየፈለፈላችሁ እሾሁን ልቀሙ።

እሾህ መልቀሙን ሁለት ሰው ያድርገው። አንዱ ይልቀም፣ ሌላው ደግሞ የተለቀመውን እንደገና በጣቱ ይዳስስ። ባሎች፣ ይህ ገጽ ለእናንተም ነው! ምናልባት ግን እሾህ በልጅ ጉሮሮ ቢሰካ፣ በተለምዶ እንደሚደረገው ጉርሻ እንጀራ ወይም ሙዝ አታስውጡት። እሾሁን ይበልጥ ሊተክለው ይችላል። ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ሽንኩርቱንና ቃሪያውን በጣም አድቅቃችሁ ክተፉ። ከዓሣው፣ ከድንቹ፣ ከአንድ እንቁላል፣ ከጨውና ከቁንዶ በርበሬ ጋር ለውሱት። ድብልቁ እጅ ላይ ከተጣበቀ አንድ ሁለት ማንኪያ ዱቄት ጨምሩበት። ሆቴል ውስጥ ክሮኬት ብዙ ጊዜ እንደ ቋሊማ ይድበለበላል። እናንተ ግን የአንድ ጣት ውፍረት ኖሮት ጠፍጠፍ ያለ አድርጉት፤ ከሥር የሚመጣው ሙቀት እስከ መካከሉ ሊደርስ፣ ጥሬው እንቁላልም ሊበስል የሚችለው እንዲህ ሲሆን ነው። ንጹሕ ጨርቅ በተነጠፈበት ሰፌድ ላይ ደርድራችሁ፣ ሸፍናችሁ፣ በጥላ ሥር ግማሽ ሰዓት አሳርፉት። ማቀዝቀዣ ካላችሁ ደግሞ እዚያ ይግባ።

እስከዚያው ድርቆሹን አዘጋጁ። ያ የታማው የሩዝ ቅልቅል እንጀራ እዚህ ላይ ነው የሚፈለገው! በደንብ የደረቀውን እንጀራ ሙቀጫ ውስጥ ሸክሽካችሁ እንደ ቅንጬ ሻከር ያለ ሁለት የሻይ ብርጭቆ ፍርፋሪ አውጡ። ዱቄት እስኪሆን አታድቅቁት። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት መጥበሻ ላይ አድርጋችሁ፣ ፍርፋሪውን ጨምራችሁ፣ መካከለኛ እሳት ላይ አራት አምስት ደቂቃ ያህል ሳታቋርጡ አማስሉት። ቡናማ ሲሆንና መዓዛው ሲያውድ አውጡት። የምግቡ ምሥጢር ያለው በዚህ ነው፤ ቀለሙም ኩርሽምታውም ከወዲሁ ተሠርቷል። የዳቦ ፍርፋሪም ይሆናል፤ ነገር ግን በእኛ ግምት የእንጀራው ቆምጠጥ ያለ ጣዕም ለዓሣ ይበልጥ ይስማማል።

እያንዳንዱን ክሮኬት ዱቄት አስነኩት፣ በተመታው ሁለተኛ እንቁላል ውስጥ ንከሩት፣ ከዚያ በፍርፋሪው ላይ ጫን ጫን እያደረጋችሁ ገልብጡት። መጥበሻውን በአንድ ማንኪያ ዘይት አብሱና መካከለኛ እሳት ላይ በአንዱ ጎን ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ፣ በሌላውም እንዲሁ አቆዩት። ለሁለተኛው ዙር የቀረውን አንድ ማንኪያ ተጠቀሙ። አትክደኑት፤ ከተከደነ እንፋሎቱ ተመልሶ ያለሰልሰዋል። አታጨናንቁት፣ ቶሎ ቶሎም አታገላብጡት። ኦቨን ያላችሁ በ200 ዲግሪ ለ20 ደቂቃ አንድ ጊዜ ብቻ ገልብጣችሁ ማብሰል ትችላላችሁ። የከሰል ምድጃ ከሆነ ፍሙን ገለጥ ገለጥ አድርጋችሁ እሳቱን አብርዱ፤ የተጠበሰ ፍርፋሪ ቶሎ ያርራል። የእንጀራ ምጣዳችሁን ግን እባካችሁ አትንኩት፤ የዓሣ ሽታ ከገባበት የሳምንቱ እንጀራ ሁሉ ዓሣ ይሸታል።

ከሎሚ፣ ከዳጣና ከቲማቲም ሰላጣ ጋር በትኩሱ አቅርቡት። የተረፈ ካለ በሙቀት ውስጥ ከሁለት ሰዓት በላይ አታሳድሩት። ማቀዝቀዣ ውስጥ ያደረውን በማግስቱ ዘይት ሳትጨምሩ በደረቅ መጥበሻ ላይ ስታሞቁት ኩርሽምታው ይመለሳል። ዓሣው የበሰለበትን ውኃም አትድፉት፤ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ጥቂት ሩዝ ሲጨመርበት ለምሽት የሚሆን ጥሩ ሾርባ ይወጣዋል።