አይፒ ቃል አይገባም፤ ስለ ኔትዎርክ ፕሮቶኮሎች የሥራ ክፍፍልና ዝምድና



ፈተና ሳወጣ ዘወትር የማልተዋት አንዲት ጥያቄ አለችኝ። አንድ ፓኬት መንገድ ላይ ቢጠፋ፣ መጥፋቱን የሚያውቀው ማን ነው? ሰባቱን የኦኤስአይ ንብርብሮች በቃሉ የሚወጣ ተማሪ ሳይቀር እዚህች ላይ ሲደርስ ብዕሩን ያስቀምጣል። ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለም። እኛ መምህራን ፕሮቶኮሎችን አንድ በአንድ እንዘረዝራለን እንጂ ዝምድናቸውን እምብዛም አናስረዳም።

አንድ ድረ ገጽ ስንከፍት የሚሆነውን እንከተል። አሳሹ አስቀድሞ በዲኤንኤስ አማካይነት የድረ ገጹን ስም ወደ አይፒ አድራሻ ያስለውጣል። ከዚያም ኤችቲቲፒ «ይህን ገጽ ስጠኝ» የሚል ጥያቄ ይጽፋል፤ ጥያቄው በየት በኩል እንደሚሄድ ግን አያውቅም፣ ማወቅም አይጠበቅበትም። ቲሲፒ ይረከበውና እንደ አስፈላጊነቱ ቆራርጦ በየቁራሹ ላይ ተራ ቁጥር ይጽፋል። አይፒ የላኪንና የተቀባይን አድራሻ ይጨምርበታል። ኢተርኔት ወይም ዋይፋይ ደግሞ እስከ ቀጣዩ መሣሪያ ብቻ ያደርሰዋል። በፖስታ ውስጥ ፖስታ እንደ ማለት ነው። ራውተሩ የውጪውን ፖስታ ቀዶ ይጥላል፣ የአይፒውን አድራሻ ያነባል፣ ለቀጣዩ ጉዞ አዲስ ፖስታ ያለብሰዋል። ውስጠኛውን አይከፍትም፤ ቢያንስ መክፈት አልነበረበትም። ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

አይፒ ምንም ቃል አይገባም። ፓኬቱ ሊጠፋ፣ ሊደገም፣ ቅደም ተከተሉን ስቶ ሊደርስ ይችላል። ወረፋው የሞላበት ራውተር ፓኬቱን ሲጥል ለላኪው ብዙውን ጊዜ አይነግረውም። አስተማማኝነትን የሚያመጣው በሁለቱ ጫፎች ያለው ቲሲፒ ነው፤ ተቀባዩ የደረሰውን ያረጋግጣል፣ ማረጋገጫ ያልመጣለት ላኪም ደግሞ ይልካል። እንግዲህ የጥያቄዬ መልስ የላኪው ቲሲፒ ነው። እርሱም ቢሆን የሚያውቀው በግምት ነው።

ይህ ግምት ምን ያህል እንደሚያስከፍል እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1986 ታየ። በሎረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪና በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መካከል ያለው ርቀት 400 ያርድ ያህል ብቻ ነበር። የመረጃው ፍሰት ግን በሰከንድ ከ32,000 ቢት ወደ 40 ቢት አሽቆለቆለ። መስመሩ አልተበጠሰም፤ ፕሮቶኮሎቹም ሕጋቸውን አልጣሱም። ማረጋገጫ የዘገየበት እያንዳንዱ ላኪ የላከውን ይደግም ነበር፤ የተደገመው ወረፋውን ያስረዝማል፤ የረዘመው ወረፋ ደግሞ ሌላ ድግምት ይጠራል። ቫን ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተመው መፍትሔ ራውተሮቹን ሳይነካ የላኪዎቹን ጠባይ ቀየረ፦ በጥቂቱ ጀምር፣ ማረጋገጫ ሲመጣልህ ጨምር፣ ፓኬት ሲጠፋብህ መንገዱ ተጨናንቋል ብለህ ቀንስ። እኔ በሙያችን ከተሠሩት ሥራዎች ሁሉ ከዚህ የሚበልጥብኝ ጥቂት ነው።

ነገር ግን «የጠፋው በመጨናነቅ ነው» የሚለው ግምት ለገመድ መስመር የሚስማማ ነበር። በገመድ አልባ መስመር ላይ ፓኬት የሚጠፋው ሞገዱ ስለተረበሸም ነው፤ ቲሲፒ ግን ምክንያቱን የሚነግረው ስለሌለ ያለ በቂ ምክንያት ይዘገያል። ዋይፋይ በበኩሉ ማረጋገጫ እየተቀበለ፣ ያልደረሰውን እየደገመ የሚሠራው በከፊል ለዚህ ነው። በሥዕላችን ላይ የላይኛው ንብርብር ድርሻ ያልነውን ሥራ የታችኛው በዝምታ ይሠራዋል ማለት ነው።

ወደ ራውተሩ ልመለስ። በመንገዱ ላይ የተተከሉ ልዩ ልዩ መሣሪያዎች፣ ፋየርዎልን የመሰሉት፣ የቲሲፒን ፖስታ መክፈት ከጀመሩ ቆይተዋል። የማያውቁት ምልክት ሲያዩ ፓኬቱን የሚጥሉ አሉ። በዚህ ምክንያት ቲሲፒን በግልጽ ማሻሻል እጅግ አዳጋች ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2021 በይፋ የጸደቀው ኩዊክ የተባለው ፕሮቶኮል በቲሲፒ ምትክ በዩዲፒ ላይ የተሠራበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ዩዲፒ እንደ አይፒ ሁሉ ማድረስን አያረጋግጥም፤ ኩዊክ ግን ተራ ቁጥሩን፣ ማረጋገጫውንና ድግምቱን ራሱ ያከናውናል፣ አብዛኛውንም በመንገድ ላይ ያለ መሣሪያ እንዳያነበው አመስጥሮ ይልካል።