የተጀመረ መድኃኒት ሳይጨረስ አይቋረጥ

በጅጅጋ ሜዳ ማሽላና በቆሎ የሚያመርተው ገበሬም ሆነ በቀብሪ በያህና በሐርሺን በኩል መንጋውን ይዞ የሚንቀሳቀሰው አርብቶ አደር ሲታመም የሚመኘው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ቶሎ ተሽሎት ወደ ሥራው መመለስ ነው። ችግሩ የሚጀምረውም ከዚሁ ላይ ነው። ትኩሳቱ ሲበርድ ወይም ሳሉ ሲቀንስ የቀረው ክኒን ለሌላ ቀን ይቀመጣል፤ አለዚያም ለታመመ ጎረቤት ይሰጣል።

የዚህ ልማድ ጉዳት ከማሳ አረም ጋር ይመሳሰላል። አረሙ ግማሹ ተነቅሎ ግማሹ ከተተወ የቀረው ዘር ጥሎ ማሳውን ይወርሳል። ካልተጨረሰ መድኃኒት ያመለጠ ተሕዋስም እንዲሁ ይራባል፤ በሌላ ጊዜ ያው መድኃኒት ላያጠፋው ይችላል።

ለዚህ ዋነኛው ምሳሌ የሳንባ ነቀርሳ ነው። የተለመደው ሕክምና 6 ወር ይፈጃል። በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት ሪፋምፒሲን፣ አይሶናያዚድ፣ ፒራዚናማይድና ኢታምቡቶል የተባሉት አራት መድኃኒቶች፣ በተከታዮቹ 4 ወራት ደግሞ ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድ ይወሰዳሉ። በሽተኛው በጥቂት ሳምንታት ሊሻለው ይችላል፤ ድኗል ማለት ግን አይደለም። ሪፋምፒሲን ሽንትን ስለሚያቀላ ደንግጦ የሚያቋርጥም ይኖራል፤ ቀለሙ ግን የሚያሰጋ አይደለም። ያቋረጠ ሰው በአንድ ጎጆ አብረውት ለሚያድሩ ልጆቹም በሽታውን ሊያስተላልፍ ይችላል።

ውኃና ግጦሽ ፍለጋ ለሚጓዝ ሰው 6 ወር ረጅም ነው። ስለሆነም ከመነሣቱ በፊት ለጤና ጣቢያው አስታውቆ፣ በሚሄድበት አካባቢ ሕክምናውን የሚቀጥልበትን የዝውውር ወረቀት መያዝ ይኖርበታል።

የወባም ትምህርት ተመሳሳይ ነው። ክሎሮኪን ፋልሲፓረም የተባለውን ወባ ማዳን ስለተሳነው ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1998 በፋንሲዳር ተካችው፤ ይህም ሲዳከም በ2004 ኮአርተም ሥራ ላይ ዋለ። ክሎሮኪን የሚያገለግለው ቫይቫክስ ለተባለው ወባ ነው። ሁለቱን የሚለየው የደም ምርመራ እንጂ ግምት አይደለም። ለ3 ቀን የሚወሰደው ኮአርተም ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲሆን ይበልጥ ይሠራል።

አሞክሲሲሊን ለሕፃናት የሳንባ ምች ይታዘዛል፤ ለጉንፋንም ሆነ ለወባ ግን አይረዳም። ለግመል ወይም ለላም የተገዛ ኦክሲቴትራሳይክሊን ለሰው መስጠት ደግሞ ፈጽሞ አይገባም። መጠኑ ለሰው የተመጠነ አይደለም፤ የዚህ ወገን መድኃኒቶች የሕፃናትን ጥርስ ያበላሻሉ። በገበያ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ክኒንም ኃይሉን ሊያጣ ይችላል።

ስለዚህ ከማኅበራትና ከቀበሌ መሪዎች የሚጠበቀው ቀላል፣ ግን የማይታለፍ ተግባር ነው። በስብሰባ ላይ ጉዳዩን ማስረዳት፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ተባብሮ መሥራት፣ በተለይም መንጋው ከመነሣቱ በፊት ሕክምና የጀመረ ሰው ወረቀቱንና መድኃኒቱን መያዙን መጠየቅ ያስፈልጋል። መንጋው ወደ ሌላ ግጦሽ ሲሻገር ሕክምናውም አብሮ መሻገር አለበት።