ሪህ የሚባለው የአውራ ጣት ሕመም

ነገሌ ቦረና ላይ ጉልበቱን የሚያመውም፣ ወገቡን የያዘውም፣ የእግሩ አውራ ጣት ያበጠበትም «ሪህ ነው» ይላል። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ በሽታው ይለያያል፤ መድኃኒቱም እንዲሁ።

ሪህ፣ ሐኪሞች ጋውት የሚሉት፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት ይመጣል። ደህና የተኛው ሰው ሳይነጋ በሕመም ይባንናል። የአውራ ጣቱ ሥር ቀልቶና ግሎ አብጧል፤ የለበሰው ሽርጥ ጫፍ ሲነካው እንኳ አይችልም። በደም ውስጥ የበዛው ዩሪክ አሲድ መገጣጠሚያው ውስጥ እንደ መርፌ ሾሎ ረግቷል። እግር ከሌላው አካል ስለሚቀዘቅዝ እዚያ መርጋት ይቀለዋል።

ቆላው ለዚህ ምቹ ነው። ላብ ወጥቶ ውኃ ካልተተካ ኩላሊት አሲዱን ማውጣት ያቅተዋል። ሥጋ ማብዛት፣ ቢራና ጣፋጭ ለስላሳም አሲዱን ይጨምራሉ። ወተት ግን ይቀንሰዋል፤ ብቻ ይፈላ። ጥሬ ወተት የሚያመጣው ብሩሴሎሲስ ትኩሳት ያለው የወገብ፣ የዳሌና የጉልበት ሕመም ነው። እሱም «ሪህ» ተብሎ ይታለፋል፤ የሚድነው ግን ለሳምንታት በሚወሰድ አንቲባዮቲክ ነው።

ሌላው የአውራ ጣት ሕመም ዓመታት ፈጅቶ የሚመጣው የመገጣጠሚያ ማለቅ ነው። ዳገት ሲወጡ፣ ሶላት ላይ ጣት ታጥፎ ሲሰገድ ይወጋል። ሐኪሙ ጣቱን ይዞ ወደ ላይ ሲገፋው አልታጠፍ ይላል፤ በላዩም የአጥንት ጉብታ ይዳሰሳል። ኤክስሬይ ያረጋግጠዋል። ከስስ ነጠላ ጫማ ይልቅ የማይታጠፍ ወፍራም ሶል ያስታግሳል፤ ሲብስ ጉብታው በቀዶ ሕክምና ይነሳል ወይም አጥንቶቹ አንድ ሆነው እንዲያያዙ ይደረጋል።

ጣቱ አብጦ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ መግል ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። ሪህ ይሁን መግል ቁርጡ የሚለየው ከመገጣጠሚያው በመርፌ የተቀዳ ፈሳሽ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው።

ሪህ ሲነሳ ኮልቺሲን ወይም ፕሬድኒሶሎን በሐኪም ትእዛዝ በቶሎ ከተጀመረ ያበርዳል። ከመድኃኒት ቤት በራስ የሚገዛው ዳይክሎፌናክ ግን ጨጓራንና ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ለሚመላለስበት ሰው አሎፑሪኖል ከ100 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በታች ይጀመርና አሲዱ በዴሲሊትር ከ6 ሚሊግራም በታች እስኪወርድ ቀስ እያለ ይጨመራል። ሽፍታ ከወጣ ወዲያው ይቆማል፤ ከተስማማ ግን ለዓመታት ይወሰዳል።

ሕመሙ በተነሳበት ቀን የዩሪክ አሲዱ የደም ምርመራ ደህና ሊመስል ስለሚችል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ መድገም ይገባል። ያን ጊዜ ጣቱ ስለማያም ብዙ ሰው ቀጠሮውን ይተወዋል።