ለቤተ መንግሥት የተሰናዱ ድምፆች

የአጋሮ ቡና ነጋዴ ለውጭ ገበያ ያሰበውን ቡና ከመጫኑ አስቀድሞ የተሰበረውንና የነቀዘውን ፍሬ በእጅ አስለቅሞ፣ በየደረጃው ለይቶ በጆንያ እንደሚሞላ፣ የዲትሮይቱ ሸክላ አሳታሚ ቤሪ ጎርዲም ዘፋኞቹን ባሕር ከማሻገሩ በፊት በብርቱ ሥርዓት ያሳልፋቸው ነበር፤ ከእነርሱም ዝናቸው የገነነው ሱፕሪምስ የተባሉት ሦስት ወጣት ሴቶች፣ ፍሎረንስ ባላርድ፣ ሜሪ ዊልሰንና ዳያና ሮስ ናቸው።

በጥር 1953 ዓ.ም. ከጎርዲ ኩባንያ ከሞታውን ጋር ተዋውለው፣ ገበያ የሚያነሣ ሸክላ ሳይወጣላቸው ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ በነሐሴ 1956 በአገራቸው የአንደኝነትን ማዕርግ ያዙ። ማክሲን ፓወል አረማመድንና አቀማመጥን፣ ቾሊ አትኪንስ ውዝዋዜን፣ ሞሪስ ኪንግ የድምፅን ስምምነት የሚያስተምሩበት የኩባንያው ትምህርት ዓላማው፣ ከድሆች ሰፈር የወጡት ልጆች በነገሥታት ፊት ሳያፍሩ እንዲቆሙ ነበር።

ይሁን እንጂ ትምህርት ብቻውን አዳራሽ አይሞላም። መጋቢት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ከለንደን የተጀመረው፣ ስቲቪ ዋንደርም የነበረበት የሞታውን ጉዞ በእንግሊዝ የክፍለ ሀገር ከተሞች ብዙ ባዶ ወንበር ገጠመው። ደግሞም የሚያስገርመው፣ ዓለም እስከ ዛሬ የሚያስታውሰው እንቅስቃሴያቸው፣ ማለት አንዱን እጅ ከወገብ አሳርፎ የሌላውን መዳፍ ወደ ተመልካች መዘርጋት፣ ከትምህርት ቤቱ የተገኘ አይደለም፤ በዚያው ሰሞን ለንደን ውስጥ ለቴሌቪዥን ሊቀረጹ ሲሉ፣ ቴምፕቴሽንስ የተባሉት ዘፋኞች በጥድፊያ፣ ያውም በወንዶች መጸዳጃ ቤት፣ እንዳስጠኗቸው ይተረካል። ሚያዝያ 5 ቀን በፓሪስ ኦሎምፒያ የታየው ትርኢት ግን በሸክላ ተቀርጾ ቀርቷል።



በኅዳር 1961 ዓ.ም. ሱፕሪምስ በለንደን ፓላዲየም በእንግሊዝ ንጉሣውያን ቤተሰቦች ፊት ዘፈኑ፤ ዳያና ሮስም በ1960 ዓ.ም. ስለ ተገደሉት ስለ ማርቲን ሉተር ኪንግ ተናገረች። የቡድኑን ስም የመረጠችው ፍሎረንስ ባላርድ ግን በዚያ መድረክ ላይ አልነበረችም፤ በ1959 ዓ.ም. ከቡድኑ እንድትወጣ ተደርጋ፣ ቦታዋን ሲንዲ በርድሶንግ ይዛ ነበር።