ቅመሙ መቼ ይገባል? የሕንድ ወጥን በቤታችን ስለ መሥራት

በትምህርት ቤታችን የዓመት መጽሔት ላይ ስለ ወጥ አሠራር መጻፋችን ለአንዳንድ ወላጆች እንግዳ ሳይሆንባቸው አይቀርም። ምክንያታችን ግን ግልጽ ነው። በዚህ ዓመት ከሰባተኛና ከስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ጋር ስለ አመጋገብ ስንወያይ፣ ወላጆቻቸው ከሥራ አምሽተው ስለሚገቡ እራታቸው ሻይና ዳቦ ብቻ የሆነ ልጆች ጥቂት አለመሆናቸውን ተረዳን። እናቶችን ስናነጋግር የሰጡን መልስም እውነትነት አለው። ወጥ ለልጅ የሚተው ሥራ አይደለም፤ ሽንኩርቱን ማቁላላት ብቻ አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ በርበሬው ካልበሰለ ደግሞ ሆድ ይቆርጣል።

እኛ ናይሮቢ የምንኖር ሰዎች ግን ሌላ የወጥ አሠራር ከደጃችን አለልን። አንድ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ተመልሶ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ሊሠራው የሚችል፣ ዋጋው ከሥጋ በእጅጉ ያነሰ፣ ቅመሞቹም አብዛኞቹ በየቤታችን ያሉ ነው። ይኸውም ሕንዶች «ዳል» የሚሉት የምስር ወጥ ነው።

ሕንዶች በዚህ አገር እንዴት እንደተገኙ ተማሪዎቻችን በማኅበራዊ ትምህርት ተምረውታል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1896 ከሞምባሳ ተነስተው ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የባቡር ሐዲድ መዘርጋት ሲጀምሩ፣ ከ30,000 የሚበልጡ ሠራተኞችን ከሕንድ አስመጡ። ሐዲዱ በ1901 ኪሱሙ ደረሰ። አብዛኞቹ ሠራተኞች ወደ አገራቸው ሲመለሱ የተወሰኑት ቀሩ፤ ከእነሱ ሌላም ከጉጃራትና ከፑንጃብ የመጡ ነጋዴዎችና የእጅ ባለሙያዎች በየከተማው ሱቅ ከፈቱ። የኬንያ መንግሥት በ2017 የእስያ ዝርያ ያላቸውን ዜጎቹን የአገሪቱ 44ኛ ነገድ ብሎ ተቀብሏቸዋል። ቻፓቲው፣ ባጂያው፣ ፒላውና ቢሪያኒው የመጣው በዚህና ከዚህም በቀደመው የባሕር ንግድ ነው። ሳምቡሳን እንኳ ናይሮቢ ሳንመጣም እናውቀው ነበር።

ወደ ድስቱ ከመሄዳችን በፊት አንድ ነገር እናጥራ። «ከሪ» የሚባል አንድ ቅመም የለም። በቆርቆሮ ታሽጎ የሚሸጠው ቢጫ ዱቄት የሕንድን ምግብ ቀምሰው የወደዱት እንግሊዞች እንዲቀላቸው ብለው ያዘጋጁት ድብልቅ ነው። በሕንድ ቤት እያንዳንዱ ወጥ የየራሱ ቅመም አለው። የጉጃራት ሰው ወጡ ላይ ትንሽ ስኳር ጣል ያደርጋል። የደቡቡ ሰው ሰናፍጭና ኮኮናት ያበዛል። የፑንጃብ ሰው ደግሞ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቅቤ ይወዳል። ሁሉንም በአንድ ዱቄት መሥራት ዶሮ ወጥን፣ ሽሮንና አልጫን በአንድ ቅመም እንደ መሥራት ነው።

ቅመሞቹን በስማቸው ስንቆጥራቸው ግን ዘመዶቻችን ሆነው እናገኛቸዋለን። ከሙን፣ ድምብላል፣ እርድ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አብሽ፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድ፣ ሰናፍጭ። ከእነዚህ የትኛው ነው ለኛ እናቶች እንግዳ? የናይሮቢ ሱቆች በስዋሂሊ ስማቸው ይሸጧቸዋልና ልጅ ስንልክ እርዱን «ማንጃኖ»፣ ቅርንፉዱን «ካራፉ»፣ የድምብላሉን ቅጠል «ዳኒያ» ብሎ እንዲጠይቅ እንንገረው። የሚለየው ሄል ነው፤ በስዋሂሊ «ኢሊኪ» ይባላል። ሄልና ኮረሪማ በዝምድና ይቀራረባሉ እንጂ አንድ ተክል አይደሉም። ኮረሪማ የኛው አገር ደን ልጅ ነው፤ ሄል ደግሞ የደቡብ ሕንድ ተራሮች። አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ ወጡ አይበላሽም፤ ጠረኑ ግን ሌላ ይሆናል።

እንግዲህ ቅመሙ ይህን ያህል አንድ ከሆነ ጣዕሙ ለምን ተለየ? መልሱ ቅመሙ ወደ ድስቱ በሚገባበት ጊዜ ላይ ነው፤ የዚህ ጽሑፍም ዋና ነገር ይኸው ነው።

የቅመም ሽታና ጣዕም አብዛኛው በውሃ ሳይሆን በቅባት የሚሟሟ ነው። የእርድ ቢጫ ቀለምም እንደዚሁ ነው። ከሙን ውሃ ውስጥ ቢቀቀል ጥቂት ይሸታል። የጋለ ዘይት ውስጥ ሲገባ ግን በሰከንዶች ውስጥ ቤቱን ያውደዋል፤ ጣዕሙም ከዘይቱ ጋር ሆኖ ወጡን ሁሉ ያዳርሳል። ሙቀቱም ይለያል። ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ፣ በናይሮቢ ከፍታ በ94 ገደማ፣ በአዲስ አበባ ደግሞ በ92 ገደማ ይፈላል (ጥራጥሬ በደጋ አገር ቶሎ የማይበስለው ለዚህ ነው፤ የሳይንስ መምህራኖቻችን ለምሳሌ ሊጠቀሙበት ይችላሉ)። ዘይት ግን ከዚህ በጣም አልፎ ይግላል፤ በዚያ ሙቀት ቅመሙ ይቆላል፣ ጥሬነቱም ይጠፋል።

ይህን ጥበብ እናቶቻችን አሳምረው ያውቁታል። ቅቤ ሲነጠር ኮረሪማው፣ ኮሰረቱ፣ አብሹ፣ እርዱ ቅቤው ውስጥ የሚገባው ለምን ይመስላችኋል? ቅባቱ የቅመሙን ጣዕም እንዲጠጣ ነው። ልዩነቱ እኛ ለወራት የሚበቃንን በአንድ ቀን አንጥረን ማስቀመጣችን ነው፤ የሕንድ እናት ግን ለእያንዳንዱ ወጥ በየዕለቱ እንደ አዲስ በትንሽ መጥበሻ «ታነጥራለች»። ይህን ሥራ «ታድካ» ይሉታል። የኛ መከለሻም ወንድም አለው። እነሱ «ጋራም ማሳላ» የሚሉት ድምብላል፣ ከሙን፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ሄል፣ ቀረፋና ቅርንፉድ ተፈጭተው የሚቀላቀሉበት ዱቄት ልክ እንደ መከለሻ ወጡ ሊወጣ ሲል ነው ጣል የሚደረገው። ቀድሞ ከገባ ጠረኑ በእንፋሎት ያልቃል።

አሁን ወደ ዳሉ። ለአራት ሰው አንድ ኩባያ ቀይ ምስር ክክ ይበቃል። ምስሩን ውሃው እስኪጠራ ማጠብ፣ ሦስት ኩባያ ውሃና ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ ጨምሮ መጣድ፣ ሲፈላ የሚወጣውን አረፋ መግፈፍ፣ ከዚያ እሳቱን ቀንሶ ክዳኑን ገርበብ አድርጎ መተው። ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ውስጥ ምስሩ ይፈርሳል። ጨው በመጨረሻ ይገባል። እስከዚህ ድረስ ቅባት የለም፣ መቁላላትም የለም፤ ልጁ አጠገቡ ተቀምጦ የቤት ሥራውን ሊሠራ ይችላል።

ምስሩ ሊበስል ሲል ሌላ መጥበሻ ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይጋል። አንዲት የከሙን ፍሬ ጣል አድርጉበት። ዙሪያዋን አረፋ አንስታ ከተንጣጣች ዘይቱ ደርሷል፤ ዝም ካለች ጠብቁ፤ ወዲያው ከጠቆረች መጥበሻውን አውርዱ። ሲደርስ አንድ የሻይ ማንኪያ ያልተፈጨ ከሙን ይገባል። ይህ ሥራ ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም፤ ስለዚህ ሽንኩርቱ አስቀድሞ ተከትፎ እጅ ላይ መገኘት አለበት። አንድ ሽንኩርት፣ ወርቃማ እስኪሆን። ቀጥሎ ሦስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ዝንጅብል፣ ተወቅጠው። ከእነሱ በኋላ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ድምብላልና ጥቂት ሚጥሚጣ፤ ወዲያውም የተከተፈ ቲማቲም፣ ምክንያቱም የተፈጨ ቅመም ብቻውን ዘይት ላይ ከቆየ ያርና ይመራል፤ የቲማቲሙ ውሃ ያድነዋል። የሕንድ ወጥ «ይመራል» የሚሉ ወላጆች ያጋጠማቸው ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው፤ ቅመሙ በዝቶ ሳይሆን አርሮ ነው። ቲማቲሙ ፈርሶ ዘይቱ በዳር በዳር ብቅ ሲል ሁሉንም ምስሩ ላይ ገልብጡት። ቁንጥር ጋራም ማሳላ፣ የድምብላል ቅጠል፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ። አለቀ።

ዳል ከኛ ምስር ወጥ ይቀጥናል፤ እንጀራ ላይ ሲፈስ ይሸሻል። የሚስማማው ከሩዝ ወይም ከቻፓቲ ጋር ነው። ከእንጀራ ጋር ይሁን የሚል ውሃውን ወደ ሁለት ኩባያ ተኩል ዝቅ ያድርግ።

የጋለ ዘይት ግን ቀልድ አይደለም። ይህን በተለይ ለተማሪዎቻችን እንናገራለን። እርጥብ ማንኪያ ዘይት ውስጥ አይገባም። የመጥበሻው እጀታ ወደ ግድግዳው ይዙር እንጂ ወደ ሰው አይውጣ፤ ታናናሾቻችሁ ከሥር ይሯሯጣሉ። ዘይት ከተቀጣጠለ ውሃ ፈጽሞ አይደፋበትም፤ እሳቱ ይጥፋና መጥበሻው በክዳን ይከደን። ከአሥራ ሁለት ዓመት በታች የሆነ ልጅ የምስሩን ክፍል ይሥራ፤ የዘይቱን ክፍል ትልቅ ሰው ሲመጣ።

ከምስሩ ቀጥሎ በዚያው መንገድ ሽምብራ ይሠራል፤ ሌሊቱን በውሃ ማደር አለበት። ቀይ ቦሎቄ ግን ጥንቃቄ ይሻል። ጥሬው ቦሎቄ ሆድን ክፉኛ የሚያውክ መርዝ አለው፤ መርዙን የሚያጠፋው በደንብ መፍላት ብቻ ነው። አዳሩን ተዘፍዝፎ፣ የተዘፈዘፈበት ውሃ ተደፍቶ፣ በአዲስ ውሃ ቢያንስ 10 ደቂቃ እየተንፈቀፈቀ ይፍላ፤ ከዚያ በኋላ እስኪበስል ድረስ በቀስታ ይንተክተክ። ከመጀመሪያው በለሰለሰ እሳት ብቻ መቀቀል አደገኛ ነው። ሌላው ብዙ ሰው የሚጠይቀን ባጂያ በሽሮ ዱቄት ይሠራ እንደሆነ ነው። የነሱ የሽምብራ ዱቄት፣ «ቤሳን» የሚሉት፣ ያልተቆላ ነው፤ ሽሯችን ተቆልቶ፣ ቅመም ገብቶበት የተፈጨ ነው። ሊጡም ጣዕሙም አንድ አይሆንም። ሽሮውን ለሽሮነቱ እንተወው።

ስለ ግዢም ጥቂት እንበል። ቅመም ሳይፈጭ በፍሬው ቢገዛ ይሻላል፤ ጠረኑ ይቆያል፣ ምን እንደተቀላቀለበትም ዓይን ያያል። በርበሬ ውስጥ ባዕድ ነገር የሚቀላቅል ነጋዴ እንዳለ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። እርድም ከዚህ አላመለጠም። በባንግላዴሽ ቢጫነቱ እንዲደምቅ ሲባል እርሳስ ያለበት ቀለም ሲቀላቀልበት ተገኝቷል፤ እርሳስ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው የሕፃናትን አእምሮ ነው። ሥሩን ገዝቶ በሙቀጫ መውቀጥ ያደክማል፤ ግን ግማሽ የሻይ ማንኪያ ለማግኘት የሚደክመውን ያህል ብቻ ነው።

የጾም ነገር ወላጆችን ግራ ሲያጋባ አይተናል። «ሕንዶች ሥጋ አይበሉም፤ ስለዚህ ምግባቸው ሁሉ ጾም ነው» የሚለው አባባል ልክ አይደለም። ሥጋ የማይበላ ሕንድ ቅቤ፣ እርጎና ወተት ይበላል፤ «ፓኒር» የሚሉት አይብም በየወጡ አለ። ምግብ ቤት ውስጥ ዳል ሲታዘዝ ታድካው በቅቤ ይሁን በዘይት መጠየቅ ያስፈልጋል። ቤት ውስጥ የሚሠራው ከላይ የገለጽነው ዳል በዘይት ነውና ለዐቢይ ጾምም ሆነ ለፍልሰታ የሚሆን ነው። ሁሉም ሕንድ ሥጋ አይበላም ማለትም ስህተት ነው፤ ሙስሊሞች አሉ፣ ክርስቲያኖች አሉ፣ ሥጋ የሚበሉ ሂንዱዎችም አሉ። የጃይን እምነት ተከታዮች ደግሞ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ድንች ሳይቀር አይበሉም። ልጃችሁ የክፍል ጓደኛውን ቤት ሲጠራ ምን እንደሚበላ ቀድሞ ቢጠይቅ ነውር የለበትም። የምሳ ዕቃ ሲከፈት ግን «ምን ይሸታል!» ማለት ነውር ነው። በዚህ ዓመት በግቢያችን ይህን ሰምተናል፤ የኛን ሽሮ እንዲህ ያሉብን ጊዜ ደግሞ ልጆቻችን ምሳቸውን ደብቀው ሲበሉ አይተናል።

ስለሚጥሚጣው መጠን ለሚጨነቁ፣ የሚያቃጥለው ነገር ውሃ ውስጥ አይሟሟምና ውሃ መጠጣት ማቃጠሉን በአፍ ውስጥ ከማሰራጨት በቀር ብዙ አይረዳም፤ ወተት ወይም እርጎ ይሻላል፣ በጾም ደግሞ ሩዝ ወይም ዳቦ። ልጆች ሁልጊዜ የማያምኑን አንድ ነገር አለ፤ በርበሬም ሚጥሚጣም የሕንድም የኢትዮጵያም አይደሉም። ሁለቱም ከአሜሪካ ምድር የመጡ ተክሎች ናቸው። ቫስኮ ዳ ጋማ እ.ኤ.አ. በ1498 እዚሁ ማሊንዲ አርፎ፣ መንገድ መሪ ይዞ ወደ ካሊከት ሲሻገር በሕንድ ወጥ ውስጥ የሚያቃጥለው ቁንዶ በርበሬ፣ ጥምዝና ዝንጅብል ነበር። ቃሪያውን ወደ ሕንድ ያስገቡት ፖርቱጋሎች ከዚያ በኋላ ነው።

የተረፈው ዳል ቶሎ በርዶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይግባ፤ ሩዙም እንዲሁ፣ የተቀቀለ ሩዝ ውጭ ሲያድር ሆድ ያማል። በማግስቱ ዳሉ እንደ ገንፎ ወፍሮ ይገኛል። ሩብ ኩባያ ውሃ ጨምሮ እያማሰሉ ማፍላት ነው፤ ለጠዋት ቁርስ ከዳቦ ጋር ይሆናል።